ሽንት ቤቱ ለደንበኛ ብቻ ነው

በቀደም ቴሌቪዥን ላይ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ሀብታም ኅብረተሰብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲያስረዳ ሰማሁት። ብዙ ተናገረ። የነፍስ ወከፍ ገቢ አለ፣ መሠረተ ልማት አለ፣ ሌላም እኔ ያልገባኝ ነገር አለ። የእኔ ትምህርት ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ ስለዚህ አልከራከረውም። አንድ ነገር ብቻ ብጠይቀው ደስ ይለኝ ነበር። እዚያ ሀብታም በተባለው አገር አንድ ሽማግሌ ከቤቱ ርቆ ሳለ ሽንቱ ቢመጣበት የት ይሸናል? ለዚህ መልስ ካለው የቀረውን ሁሉ አምነዋለሁ። ከሌለው ግን ከረባቱን ፈትቶ ከእኔ ጋር ከእሪ በከንቱ እስከ ሥላሴ በእግሩ ይሂድና ከዚያ እንነጋገር።

ይህን ጮክ ብዬ ስናገር ባለቤቴ ሰማችኝ።

"አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ወደ ሽንት ቤት ትወስደዋለህ" አለችኝ።

"እኔ አይደለሁም የምወስደው፤ እሱ ነው እኔን የሚወስደኝ" አልኳት።

የእኔ ብቻ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላበላሽም ነበር። የጓደኛዬ ጉዳይ ነው።

እኔ አናጢ ነበርኩ። የፒያሳ ቡና ቤቶች ባንኮኒ እንጨት በነበረ ጊዜ ብዙውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ልብስ ሰፊ ነው። የወሎ እስላም ልጅ ነው፤ የተወለደው ግን እዚሁ እሪ በከንቱ፣ ከእኛ ግቢ አንድ አጥር ወዲያ። ሁለታችንም ሥራ ካቆምን ወዲህ አንድ ልማድ ነበረን። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይመጣል፤ ቀስ እያልን ዳገቱን እንወጣለን፤ ፒያሳን አቋርጠን እስከ ሥላሴ እንሄዳለን። እኔ ደጁን ስሳለም እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። "ስትጨርስ ለእኔም ትንሽ ጨምርልኝ፣ ጎረቤት ነን" ይለኛል። ከዚያ ሰው እያማን እንመለሳለን። ሌላ ምንም የለውም። ግን ሰው ሀብትህ ምንድነው ብሎ ቢጠይቀኝ ይህንን ነበር የምለው፤ ማንም ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ መምጣት አቆመ። ቤቱ ስሄድ ልጁ በር ላይ ትቀበለኛለች። "ጋሼ፣ ብርድ መትቶት ነው" አለችኝ አንድ ቀን። በሌላው ቀን ጉልበቱ ሆነ። ከዚያ ራስ ምታት። ሰውን ብርድና ጉልበትና ራስ ምታት እንዲህ ተራ ገብተው ከያዙት ወይ ሊሞት ነው ወይ ይዋሻል። ጓደኛዬን ስለማውቀው ሁለተኛውን ጠረጠርኩ፤ ገፍቼ ገባሁ።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። የተተኮሰ ግራጫ ሱሪውን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ የትም ለማይሄድበት ተዘጋጅቶ። ልጁን ዳቦ ግዢ ብሎ ላካትና በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ።

"ውሃዬ አልታዘዝ አለኝ" አለኝ።

"እንዴት ነው የማይታዘዘው?"

"ድሮ መጣሁ ብሎ ያስታውቃል፤ ሰው ይዘጋጃል። አሁን መጣሁ ሲል ደርሷል። በቀደም ከመስጊድ ስመለስ በሬ ላይ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ አመለጠኝ። አላህ ጠብቆኝ ሰው አላየኝም።"

"ሐኪም ምን አለህ?"

"ፕሮስቴት ነው አለኝ፤ መድኃኒት ሰጠኝ። ውሃ በደንብ ጠጣ፣ በእግርህ ብዙ ተንቀሳቀስ አለኝ። ውሃ ጠጥቼ በእግሬ ስንቀሳቀስ የት እንደምሸና ግን አልነገረኝም።"

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"ጥቁር ሱሪ ልበስ፤ ቢያመልጥህም አይታይም" አልኩት።

"በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ሱሪ? ሐዘን ላይ ነኝ እንዴ? ስማኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሱሪ አስተካክዬ ኖሬ በራሴ ሱሪ አልዋረድም። አንተ ሂድ። እኔ በቃኝ።"

በቃኝ ሲል እውነቱን እንደሆነ ከፊቱ አየሁ። ሰውየው ቤቱ ውስጥ ሊቀመጥና እዚያው ሊያረጅ ወስኗል። ብቻዬን መሄዱን ሞክሬው ነበር፤ አይሆንም። ብቻውን የሚሄድ ሽማግሌ ሰውን ከማን ጋር ያማል? እኔ ደግሞ ግትር ነኝ ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም።

"ከሽንት ቤት ሽንት ቤት እያልን እንሄዳለን" አልኩት። "ፒያሳ ውስጥ ሽንት ቤት የሌለው ቡና ቤት የለም። መንገዱን ተወው ለእኔ።"

ሁለት ቀን ተከራከርን። በሦስተኛው ቀን ወጣ።

እዚህ ላይ የአገሩን ሥርዓት ማስረዳት አለብኝ። ፒያሳ ውስጥ ሽንት ቤት ሞልቷል፤ የሁሉም ቁልፍ ግን ካሸሯ ጋር ነው። ቁልፉ ሰው ረስቶ ኪሱ ከትቶት እንዳይሄድ በትልቅ ቁራጭ እንጨት ላይ ይታሠራል። ያንን እንጨት ይዘህ በወንበሮቹ መሃል ስታልፍ ቡና ቤቱ በሙሉ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። ግድግዳው ላይ ደግሞ "ሽንት ቤቱ ለደንበኛ ብቻ ነው" የሚል ወረቀት አለ። ወረቀቱ ባይኖርም ይሉኝታ አለ፤ ምንም ሳትጠጣ ዘው ብለህ ገብተህ ቁልፍ መጠየቅ ማለት የሰው ድግስ ላይ ሳትጠራ እንደመቀመጥ ነው። ስለዚህ ሻይ ታዝዛለህ። ለመሽናት ብለህ ሻይ ትጠጣለህ። ይህን ሥርዓት ያወጣው ሰው ቡና ቤት እንደነበረው አልጠራጠርም።

የመጀመሪያው ቡና ቤት ዳገቱን ጨርሰን እንደወጣን ያለው ነው። ሻይ አዘዝን፤ ጓደኛዬ ቁልፉን ወስዶ ተመለሰ፤ ፊቱ በርቷል። "ይሄማ ይቻላል" አለኝ። ሻዩን ፉት ብለን ልንነሣ ስንል አንድ የድሮ ደንበኛው አየን፤ ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ሰው።

"እንዴ! አንተ ሰው በሕይወት አለህ? የሰፋህልኝን ኮት እስከ ዛሬ እለብሰዋለሁ እኮ! አስተናጋጅ፣ ለእነዚህ ሻይ ድገሚልኝ!"

"ጠጥተናል፣ ልንሄድ ነው" አልኩት።

"ሞቼ እገኛለሁ! እኔ እያለሁ?"

"ወላሂ በቅቶናል" አለው ጓደኛዬ።

"ሻይ ነው እኮ! ሻይ ምን ይሆናል?"

ሻይ ምን እንደሚሆን እኛ ነበርን የምናውቀው። ግን ሰውየው እጃችንን ይዟል፤ ሻዩም መጥቷል። አለመጠጣት ንቀት ነው፤ ጠጣን። የመጀመሪያውን ሻያችንንም እኔ ካልከፈልኩ ብሎ ከካሸሯ ጋር ታገለ። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ አልክድም። ግን በዓለም ላይ የጠጣኸውን እንዳትከፍል የሚከለክልህ፣ ያልጠጣህ እንደሆነ ደግሞ እንዳትሸና የሚከለክልህ አገር ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ አዲሱ መንገድ ላይ ወጣን። እውነቱን ልናገር፤ ያምራል። እኔ የድሮው ፒያሳ ፈረሰ ብዬ ቁጭ ብዬ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ከፈረሱት ቤቶች ውስጥ የኖረ ሰው ጣሪያው እንዴት ያፈስ እንደነበር ያውቃል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ አበባ ተተክሏል፣ መብራቱ አንዳንዴ በቀንም ይበራል። አግዳሚ ወንበሮቹን በእጄ ዳሰስኳቸው፤ ደህና ናቸው።

"ትንሽ እንቀመጥ" አልኩት።

"ከተቀመጥኩ አልነሣም" አለኝ። እርምጃው ፈጥኗል። ሁለቱ ሻይ ሥራ ጀምረዋል።

እንዳይጨነቅ ብዬ ወሬ ጀመርኩለት። የእኅቴ ልጅ ከፍተኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዝቷል፤ እሱና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስት ሽንት ቤት አላቸው። አንዱ ለእንግዳ ነው ይላሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ደስ አይላቸውም። እኛ ግቢ ደግሞ ስንት ቤተሰብ በአንድ ጉድጓድ እንደሚጠቀም ጓደኛዬ ያውቀዋል። "ያ የቴሌቪዥኑ ሰውዬ የእነሱንና የእኛን ደምሮ ቢያካፍለው እኮ ሁላችንም ሽንት ቤት ያለን ሰዎች ነን" አልኩት።

"እባክህ የእኔን ድርሻ አሁን ይስጠኝ" አለ።

በዚህ መሃል መስታወት በመስታወት የሆነ ትንሽ ቤት አየን። እኔ ባንክ መስሎኝ ነበር። ሽንት ቤት ነው። የወንድና የሴት ሥዕል በሩ ላይ አለ፤ ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ ከውጭ ያበራል።

"አየህ! አገር አለን!" አልኩት፤ ከልቤ ነው የተናገርኩት።

በሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ጥበቃ ቆሟል።

"ፋዘር፣ ዛሬ አይቻልም" አለን።

"ምን ሆኖ?"

"ታጥቧል።"

"ታጥቦ ከሆነማ ጥሩ ነው። እኛስ ምን ፈለግን?"

"እንግዶች ሊጎበኙት ይመጣሉ ተብሏል። እስኪያዩት ድረስ ሰው እንዳይገባ ተብያለሁ።"

"ሊጎበኙት ነው ሊሸኑበት?"

"ሊጎበኙት።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"እሱን አልነገሩኝም። ባለፈው ሳምንትም ይመጣሉ ተብሎ ነበር።"

ጓደኛዬ በአንድ እጁ ከዘራውን፣ በሌላው የእኔን ክንድ ይዟል። "ወንድሜ" አለው ጥበቃውን፣ "አንተስ ቀኑን ሙሉ እዚህ ቆመህ ስትውል የት ነው የምትሄደው?"

ጥበቃው ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ በአገጩ ከመንገዱ ማዶ ግንባታ የታጠረበትን ቆርቆሮ አሳየን። "ከዚያ ጀርባ ነው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እናንተም ሂዱ ፋዘር። እኔ ዞር እልላችኋለሁ።"

ሰውየው ክፉ አይደለም። ሽንት ቤት እየጠበቀ ቆርቆሮ ሥር ይሸናል፤ ለምን ብሎ የጠየቀውም ያለ አይመስለኝም። ልወቅሰው ፈልጌ ምን ብዬ እንደምወቅሰው አጣሁ።

"በል እንሂድ፣ ማንም አያይህም" አልኩት ጓደኛዬን።

"እኔ?" አለኝ። ከሕመሙ ይልቅ ቃሌ ነው የወጋው። "እኔ ራሴን ካወቅሁ ወዲህ አጥር ላይ ሸንቼ አላውቅም። ዛሬ አልጀምርም። ወደ ቤት መልሰኝ።"

ቤት ሩቅ ነው። ቢመለስም ሁለተኛ እንደማይወጣ አውቄዋለሁ። ክንዱን ይዤ ወደ ቀጣዩ ቡና ቤት ሮጥን። ሮጥን ስል እንደ ሽማግሌ ነው።

ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። መቀመጫ የለም። ካሸሯ ልጅ እግር ናት፤ እንጨቱ ከነቁልፉ ከፊቷ ተቀምጧል።

"ልጄ፣ ቁልፉን" አልኳት።

"ምን አዘዛችሁ አባባ?"

"ምንም።"

በትሕትና ወደ ግድግዳው አሳየችኝ። "ሽንት ቤቱ ለደንበኛ ብቻ ነው አባባ። አንድ ሻይ ይዘዙና ልስጥዎት።"

ጓደኛዬን አየሁት። ባንኮኒውን በሁለት እጁ ጨብጧል፤ ግንባሩ አልቦታል። አንድ ሻይ ማለት በዚያ ሰዓት ለእሱ የሞት ፍርድ ነበር። እኔ ደግሞ ጆሮዬ ስለደከመ ድምፄን መመጠን አልችልም።

"ስሚ ልጄ! እኔ እዚህ ቤት መጠጣት የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። እዚህ ቤት ከጠጣሁት ሻይ ውስጥ እስከ ዛሬ ያልሸናሁት ይኖራል፤ በእሱ ያዢልኝ! ጓደኛዬ ታሟል፣ ሽንቱን መያዝ አይችልም። ምንም አንጠጣም። ለመሽናት ነው የመጣነው!"

ወዲያው ባንኮኒው አጠገብ የቆመ አንድ ጎረምሳ ኪሱ ገባ። "አባባ፣ በእኔ ነው! ሁለት ማኪያቶ ስጫቸው!" ከወዲያ ሌላው፣ "የለም የለም፣ በእኔ!" ይህ ሕዝብ እንዲህ ነው። ለማኪያቶ ከሆነ በነፍስ ይደርስልሃል። ቁልፍ ለምን እንደሚያስፈልግህ ግን አይገባውም።

ካሸሯ ፊቷ ቀላ። እንጨቱን ገፋ አደረገችልን፤ ጓደኛዬ አንሥቶት ጠፋ።

ያኔ ነው ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። ፊቱ ያለው ሻይ ቀዝቅዟል፤ አልተነካም።

"ልጄ፣ ከሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ" አላት።

"እንዴ፣ እኔ እኮ ቀድሜ ነው የመጣሁት" አለ ከመስኮቱ ሥር ባርኔጣ ያደረገ ሌላ ሽማግሌ።

"ቀድመህ መጣህ እንጂ ቀድመህ አልጠየቅህም!"

"ለመጠየቅ ጉሮሮዬን እየጠረግሁ ነበር!"

አንዲት ነጠላ የለበሱ አሮጊትም ከነቦርሳቸው ተነሡ። "እናንተ ወንዶች ቢያንስ አጥር አላችሁ። እኛ ምን አለን? እኔ ከቤቴ ስወጣ ውሃ ከቀመስኩ ስንት ጊዜዬ ነው። ዞር በሉ!"

ዞር አሉላቸው።

ለካ ይህ ሁሉ ሰው ሻይ ጠጪ አልነበረም። እያንዳንዱ የቀዘቀዘ ሻይ ከፊቱ አስቀምጦ፣ ይህ ነገር በእኔ ብቻ የደረሰ ነው ብሎ አፍሮ ተቀምጧል። እኔ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። አገር ድሃ ሲሆን ጉድለቱ የአገር ነው አይባልም፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ነውር አድርጎ ይዞት ቤቱ ይገባል። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ሲደምር ቤት የገባውን ሰው አይጨምርም፤ ከየት አግኝቶት?

ጓደኛዬ ሲመለስ ሰልፉን አየ። ከዚያ እንጨቱን ለአሮጊቷ በሁለት እጁ አቀበላቸውና፣ "እናቴ፣ መብራቱ አይሠራም፤ በሩን ገርበብ ያድርጉት፣ እኛ እንጠብቃለን" አላቸው። እስኪወጡ ድረስም ጀርባችንን ሰጥተን ቆምን።

ውጭ ከወጣን በኋላ ግን ፈነዳ።

"በአደባባይ ሽንቴን አወጅህብኝ!"

"ቁልፉን አገኘህ አይደለም?"

"'ጓደኛዬ' ነው ያልከው። 'እኔ' ብትል ምን ነበረበት? አንተም ሽማግሌ ነህ፣ ይታመናል!"

ይህን በእውነት አላሰብኩትም ነበር። "እውነቱን ነው የተናገርኩት" አልኩት።

"እውነቱን ማን ጠየቀህ? ቁልፍ ብቻ አትጠይቅም ነበር?"

ሥላሴ መድረሱ ቀርቶ ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ላይ ሲደርስ ሳይሰናበተኝ ገባ። በቃ፣ አወጣሁት ስል ቀበርኩት አልኩ ለራሴ። ሌሊቱን 'እኔ' የምትለዋን ቃል ሳላምጥ አደርኩ፤ ምን ነበረበት? ለባለቤቴም ነገ አልሄድም፣ ሰውየውን ትቼዋለሁ አልኳት።

በማግሥቱ ዳቦ ልገዛ ስወጣ ከአጥራችን ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ሱሪው ተተኩሷል። ሰላምታ እንኳ አልሰጠኝም።

"ዛሬ አንተ አፍህን አትከፍትም" አለኝ። "እኔ ነኝ የምጠይቀው።"

ዳቦውን ትቼ ተከተልኩት። የመጀመሪያውን ቡና ቤት፣ የሚጋብዘን ሰው እንዳያየን፣ በማዶ በኩል አለፍነው። ቀጥ ብሎ ወደ ትናንቱ ቤት ገባ፣ ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደገፈ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። ምንም አንጠጣም። ቁልፉን።"

ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩት፤ እሱም አያቸው።

ካሸሯ አወቀችን። ፈገግ ብላ ነበር፤ ወዲያው ግን ፊቷ ተለወጠ። "አባባ በጣም ይቅርታ፤ ውሃ የለም። ከትናንት ማታ ጀምሮ ቧንቧው ደርቆ ሽንት ቤቱን ዘግተነዋል። ለደንበኛም ለማንም።"

እኔ አለቀ አልኩ። ፊቴን ወደ ቁልቁለቱ መለስኩ።

"ወዴት ነው?" አለኝ።

"ወደ ቤት ነዋ።"

"ቤት ምን አለ? ከዚህ ከፍ ብሎ ያለው ኬክ ቤትስ?"

"እዚያ እኮ አያውቁንም።"

"ያውቁናል" አለኝና ቀድሞኝ መንገዱን ጀመረ።